የቁም ተዝካሬ

ጥቅምት 22 ቀን 1932

ገብሱ ደረሰ። ደመናው ግን አላማረኝም... አጨዳ ሳይጀመር ባይዘንብ።

ይመኙሻል እርጎ ስትንጥ አረፈደች። ቅቤው እምቢ አላት። «እማ፣ ያንቺ እጅ ካልገባበት አይወጣም እኮ» አለችኝ። ግራ እጄን ማንሳት ካቃተኝ ሰንብቷል። ለልጄ ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት? «ሰነፍ! ባል ቤት ስትገቢም እኔን ልትጠሪ ነው?» ብዬ አለፍኩት። ሳቀች።

ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም። ከግራ ጡቴ ሥር ያለው ነገር ለፋሲካ ባቄላ ያህል ነበር። አሁን የዶሮ እንቁላል አክሏል። ቆዳው ተጨማዷል፤ ያዥዣልም። ምንድን ነው? ብጉንጅ ይሆን? ብጉንጅ ስድስት ወር ይቀመጣል እንዴ?

ወረቀቱ የጣሊያን ነው፣ ለስላሳ። «ዳዊት ገልብጭበት» ብሎ በላቸው ነው ያመጣልኝ። አባቴ ዲማ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጬ የለቀምኩት ፊደል ለዚህ በቃ። ዳዊቱን ብዙ ሰው ገልብጦታል፤ የኔን ግን ማን ይጽፈዋል? ጽፌ ስጨርስ ጤፍ ጎታ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ለማንም አይታይም።

ጥቅምት 30

በላቸው መጣ። አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጄን እንዳላማውን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ገባለትና ዛሬ አምበር ላይ ሹም ሆኗል። ሁለት ባንዳ ጠመንጃ ይዘው ይከተሉታል። እንዳላማው ደግሞ ጮቄ ሥር ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። ካየሁት ሁለት ክረምት አለፈ። የክርስትና አባትና የክርስትና ልጅ ይተኳኮሳሉ እንግዲህ... ጉድ ነው።

ይመኙሻል ልብሴን ስታጥብ ያየችውን ነግራዋለች። ወሬኛ! «የብርጓል፣ ደብረ ማርቆስ የጣሊያን ሐኪም አለ፤ እኔ እወስድሻለሁ» አለኝ። እሺ አልኩ። በላቸው መጥፎ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ።

ኅዳር 10

በበቅሎ ሄጄ በበቅሎ ተመለስኩ። ደክሞኛል። ግን ልጻፈው፣ ያስቃል።

ሐኪሙ ሽበታም ነው፤ እጁ ውርጭ። በወንድ ፊት ደረት መግለጥ... ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ጡቴን ዳበሰ፣ ብብቴን ዳበሰ፣ አንገቴን ዳበሰ። ከዚያ ተናገረ፣ ተናገረ፣ ተናገረ። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያያል።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ትድኛለሽ አለ።»

«ይህን ሁሉ የተናገረው ትድኛለሽ ለማለት ነው? የጣሊያን ትድኛለሽ እንዴት ረዝሟል!»

አስተርጓሚው አልሳቀም። ሐኪሙ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። ቋንቋውን ባላውቅም ይህን አውቀዋለሁ። ልቅሶ ቤት ነው እንዲህ የሚደረገው።

ኅዳር 14

የነፍስ አባቴን አባ ፍቅረ ሥላሴን አስጠራሁ። ዳር ዳሩን ሲሉ ቆዩ። ስለ ጸበል አወሩ፣ ስለ አጨዳ አወሩ። አላስችል አለኝ።

«አባ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት እውነት ስናዘዝልዎ ኖሬ እርስዎ ሊዋሹኝ ነው?»

መስቀላቸውን አገላበጡት። «ነቀርሳ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ብብትሽም ገብቷል። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ብሏል። ለበላቸው ተነግሮት እሱ ነገረኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ፋሲካን... እሱ ያውቃል።»

በላቸው ያውቃል። አባ ያውቃሉ። ይመኙሻል ታውቃለች፤ ለካ ሰሞኑን ጀርባዋን እየሰጠችኝ የምትቀመጠው ለዚህ ነው። የሕመሙ ባለቤት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ! «ለታማሚ አይነገርማ» አሉኝ አባ። «ታዲያ የራሴን መርዶ የምታረዱኝ በስንተኛው ቀን ኖሯል?» አልኳቸው። ሳይወዱ ሳቁ።

ከተናደድኩ በኋላ ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስሙን ያወቁት ጠላት ይሻላል መሰለኝ።

ኅዳር 21

በላቸው ዛሬም መጣ። «አዲስ አበባ ትልቅ ሐኪም ቤት አለ። ካሚዮን ላይ አሳፍርሻለሁ፣ ይቆርጡልሻል» አለ።

«ቆርጠው ያድኑኛል?»

«ማዳን እንኳ... ጥቂት ወር ይጨምራል ይላሉ።»

ጥቂት ወር፣ እዚያ፣ ቋንቋውን ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በአስተርጓሚ እየታመምኩ? ወይስ ከዚያ ያነሰ፣ ከደጄ? ብዙ አላሰብኩም። «እዚሁ ነኝ። ካሚዮኑን እህል ጫኑበት» አልኩት። ተከራከረኝ። እምቢ አልኩ። ሕመሙ የኔ ነው፤ አልጋውንም እኔ እመርጣለሁ።

ከዚያ ነው እንግዲህ ያንን ያለው። «ግዴለም፣ ቀኑ ሲደርስ ቀብርሽን የማሳምረው እኔ ነኝ። እንዳላማውም እናቱን ሳይቀብር አይቀርም። ወንድ ልጅ ነው፣ ይመጣል።» እንዲህ እያለ ዓይኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሄደ። እዚያው ቀረ።

አሁን ገባኝ። በቅሎው፣ ሐኪሙ፣ መመላለሱ... ውሸት አይደለም፣ ያዝንልኛል። ግን ይጠብቃልም። ለልጄ ወጥመድ ላይ የተቀመጥኩ ሥጋ ነኝ። ነቀርሳውን አልፈራሁትም፤ ይህን ፈራሁ። እንዳላማውን አውቀዋለሁ። «እናቱን ሳይቀብር የቀረ» ተብሎ ከሚሰደብ ሞቱን ይመርጣል።

ኅዳር 27

ዛሬ አመመኝ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ታኅሣሥ 6

አገኘሁት! የቁም ተዝካር አወጣለሁ።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ወለተ ሰንበት ስታወጣ አይቻለሁ። መካን ነበረች፤ ከሞትኩ በኋላ ማን ያወጣልኛል ብላ በሕይወቷ ደገሰች፣ ድሃውን በገዛ እጇ አበላች፣ ስትሞት እዳ ይዛ አልሄደችም ተባለ። እኔስ ምን ይከለክለኛል?

አባ ግን ደነገጡ። «ልጅ ያለሽ ሴት! ሰው ምን ይላል?»

«ልጅ ስላለኝ ነው እንጂ! ተዝካሬ በቁሜ ከወጣ ለአርባዬ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ለቀብሬ ደግሞ እርስዎ ይገዝቱልኝ። እናትህ ገዝታሃለች፣ ቀብሯ ላይ እንዳትገኝ ብለው ይላኩበት።»

ጢማቸውን ያዙ። «እናት ልጇን ከቀብሯ ስታስገዝት ሰምቼ አላውቅም።»

«ይስሙ እንግዲህ፣ አባ።»

ተስማማን። ወደ ጮቄ የሚሻገሩ አንድ መነኩሴ ቃሌን ይዘው ይሄዳሉ። ተዝካሩ የካቲት 3፣ እሑድ፣ ጾሙ ሳይገባ። በላቸውንም ጠራሁት። ካልጠራሁት ይጠረጥራል።

ጥር 13

ጌሾው ተወቀጠ። ይመኙሻል ጋን እያጠነች ታለቅሳለች። «ጭሱ ነው» ትላለች። ታልቅስ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ... እውነት? እውነት አይደለም። ጠዋት ጠዋት አለቅሳለሁ። ክንዴ አብጧል። ቁስሉ ሸቷል፤ በጤናዳም ውኃ አጥቤ እሸፍነዋለሁ።

ቀድማ ለሙከራ የጠመቀችውን ጠላ አቀመሰችኝ። ቀጥኗል። «ለኔ ተዝካር ቅራሪ ልታጠጪ ነው? ኧረ አታዋርጅኝ!» አልኳት። የራሱን የተዝካር ጠላ ቀምሶ የሚያርም ሰው የት ይገኛል? እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ።

ጥር 26

መነኩሴው ተመለሱ። መልእክቱ አልደረሰም! ከሮብ ገበያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል፤ አርበኞቹም ሰፈር ለውጠዋል።

«ደግሞ ገበያ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ» አሉኝ ቅር እያላቸው። «ሰው ሁሉ የብርጓልን ነፍስ ይማር ይላል። አምበር ላይ ተዝካሯ ሊወጣ ነው ብለው።»

እግዚኦ! ይህን እንዴት ሳላስበው? ተዝካር ሲባል የሰማ ሰው ሞታለች እንጂ በቁሟ ነው ይላል? ልጆች ያሏት ሴት የቁም ተዝካር አውጥታ አታውቅ! እንዳላማውም ይሰማል። ቀብሩ አመለጠኝ ብሎ ለተዝካሩ ይወርዳል። ብልጥ ነኝ ስል በገዛ አፌ ጠራሁት።

ልተወው? ብተወውም ይመጣል፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ከዚያ ተነሳሁ። የድግሱ ባለቤት እኔ ነኝ አይደለም እንዴ? ዳሱን አዙረው እንዲተክሉት አዘዝኩ፣ በሩ ወደ ጓሮ። ሹሙ ከካህናት ጋር ከውስጥ ይቀመጣል፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አያይም። ነዳያን ከአጥሩ ሥር። ለነዳያኑ የማድለው እኔ ራሴ ነኝ። «በዚህ አቅምሽ?» አለችኝ ይመኙሻል። በዚህ አቅሜ።

የካቲት 4

ትናንት ዋለ። ሁሉን ልጽፈው።

ሞታለች ብሎ ለቅሶ ሊደርስ ከሩቅ የመጣ ሰው ብዙ ነው። ደጃፍ ቆሜ ሲያዩኝ ያማተበም አለ፣ እልል ያለም አለ። አንዲቱ ግራ ገብቷት «አሁን ምን ልበል?» አለችኝ። «ነፍስሽን ይማር በይኝ፤ ቆሜ ብሰማው ምን አለበት?» አልኳት።

በላቸው ካስቀመጥኩት ተቀመጠ። ሁለቱ ባንዶች ግን ከአጥሩ በር አልነቃነቅ አሉ። ዋንጫቸውን ይዘው የሚገባውን ጎፈሬ ሁሉ ይመረምራሉ። እንዳላማው በጎፈሬው ነው የሚታወቀው፤ ሀገር ያውቀዋል።

ለነዳያኑ እንጀራ እያደልኩ ነው። ከመሀላቸው አንዱ ራሱን ተላጭቷል፤ የተቀዳደደ ጋቢ ደርቧል፤ አንገቱን ደፍቷል። አናቱ ላይ ጠባሳ አየሁ። እንጀራው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አውድማ ላይ ከበሬ እግር ሥር ወድቆ ተፈንክቶ... ከዚያ ወዲህ ጠጉር ሸፍኖት ኖሯል። ያንን ጠባሳ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

እናቱ ሞታለች ሲሉት ለሐዘን ተላጭቷል። ያን የሚወደውን ጎፈሬ! መላጨቱ ነው ከበሩ ያሳለፈው።

ቀና አለ። አየኝ፣ በቁሜ። አፉ ተከፈተ። እማ ሊል ነው።

ቀደምኩት። «አንተ! ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? እንጀራ አይተህ አታውቅም?» ብዬ ጮህኩበት። ባንዶቹ ዞሩ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

«እመቤቴ... እናቴ ሞታ ነው» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ቀብሯ ላይ ሳልደርስ...»

ልጄ! ወዲያው ገባው።

«ዛሬ ደርሰሃል» አልኩት። «ተዝካሯን የበላ ቀብሯታል። ሰው ደግሞ ሁለቴ አይቀበርም። ዳግመኛ ለሷ ብለህ መንገድ እንዳትጀምር። በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቀብረሃታል?»

እንጀራውን ጨብጦ መሬት መሬት አየ። እኔም ጠበቅኩ፤ መቼም እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

«ቀብሬያታለሁ» አለ።

ጉልበቴን ሳመ። ነዳያኑ ሁሉ ሲስሙኝ ውለዋልና ልብ ያለው የለም። እጄን አናቱ ላይ አኖርኩ፣ ጠባሳው ላይ። ብዙ አላቆየሁትም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ አንደኛው ባንዳ።

«እናቱ ሞታበት።»

«አይ... እግዜር ያጽናው» አለና ጠላውን ጠጣ።

ነዳያኑ ሲነሱ አብሮ ተነሳ፣ አብሮ ወጣ። ዞሮ አላየኝም። ጎበዝ! ዳስ ገባሁና ለበላቸው ሥጋ ጨመርኩለት። «ብላ እንጂ አበልጅ! የኔ ተዝካር እኮ ነው!» በላ። ደስ አለኝ... እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ ጓሮ ሄጄ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የካቲት 5

ለይመኙሻል ነገርኳት። አጠገቧ አልፎ ጠላ ተቀብሏታል፤ ወንድሟን አላወቀችውም። ስታለቅስ ዋለች፣ ስትስቅ ዋለች።

የካቲት 24

ነገ ጾም ይገባል። ይመኙሻል ደግፋ አስቀምጣኝ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ተንጋደደ፤ አባቴ ቢያይ በኩርኩም ይለኝ ነበር። አባ ፍቅረ ሥላሴ ቀንዲል አደረሱልኝ። ሕመሙ አለ። እሱ ሥራውን ይሠራል፣ እኔም ሥራዬን ጨርሻለሁ።

ከልጄ ጋር አሁን መደባበቅ ቀርቷል። የት እንደምቀበር፣ በየትኛው ነጠላ እንደምገነዝ፣ ሁሉን ተነጋገርን። ይህንንም ደብተር ከጎታው ታች የምታስገባው እሷ ናት። ጠዋት እርጎ ስትንጥ ሰማኋት። ብዙም ሳትቆይ ጣቷ ላይ ቅቤ ይዛ መጣች። «ወጣልኝ!» አለች። አናቴን ቀባችኝ።

በላቸው ከሰዓት በኋላ መጣ። ወንበር ስቦ እጄን ያዘኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አመንኩት። ሊሄድ ሲነሳ ግን «ስትደክሚ ቶሎ ይላኩብኝ፣ ለቀብሩ ሰው ላሰናዳ» አለኝ።

«አሰናዳ፣ አበልጅ» አልኩት።

ያሰናዳ። ባንዶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያስቀምጣቸው፣ ብርድ ይምታቸው። ልጄ እንደሆነ ቀብሮኝ ሄዷል። የቀረው አፈር ማልበስ ነው፤ ለሱ ጎረቤት ይበቃል።