ከቀለሙ ሥር ያለው ብሎን

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን

ለልጄ፣ ለእናት ዓለሜ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ። ይኸው ስምንት ወር ሞላ። ባለፈው በሰው ስልክ ብደውልልሽ «ሄሎ» ብለሽ ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። ኔትወርክ ነው እንዳልል ኔትወርክ እንደዚያ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ገብቶኛል።

ደብዳቤውን በእናትሽ እጅ ያልላክሁት ከፍታ ታነበዋለች ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው። በየወሩ «እህቴ ጋ ልሂድ» እያለች ወደ አንቺ እንደምትመጣ የማላውቅ ይመስላታል። ድሮ ከእህቷ ዘንድ የምትመለሰው ተኳርፋ ነበር፤ አሁን እየሳቀች ትገባለች። ባለፈው ሳምንት መነጽሬን ስፈልግ ቦርሳዋን ከፈትኩ። እሺ፣ መነጽሬን አልነበረም የምፈልገው። አውራ ጣቴን የምታክል ቢጫ ካልሲ አገኘሁ፣ ከነጥንዷ። እንደነበረች መልሼ አስቀመጥኳት። ማንም ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቁጭ ብድግ ሆኗል ሥራዬ። ልጄን ሳላይ፣ ልጇንም ሳላይ ልቀር ነው አልኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ለእርቅ አልነበረም። ባልሽ ፒካፗ ላይ የገጠመው ያ ባትሪ አሮጌ መሆኑን በባለሙያ አስመስክሬ፣ ማስረጃዬን ይዤ ደጅሽ ላይ ልቆምና «አላልኩሽም?» ልል ነበር።

ታስታውሻለሽ፣ ለሠርግሽ ብዬ ፒካፗን ከላይ እስከ ታች ቀባኋት። ሠላሳ ዓመት ቀለም ቀቢ ሆኜ ለልጄ ሠርግ በዛገ መኪና ልምጣ? ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሻንሲውንም ሞተሩ የሚታሰርበትንም፣ ብሎኑን እየፈታሁ ሥሩን ሳይቀር ሦስት ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ያኔ እጮኛሽ የነበረው ባልሽ ደግሞ ያን ሰሞን አዲስ ባትሪ ገዝቶ ገጠመላት። ሳምንት ሳይሞላው ቁልፍ ሳዞር «ቀጭ!» ብቻ ሆነ። ጥሩምባ ሲነካ መብራቷ ይፈዛል። መጨረሻ እጁን የሰደደባት ማን ነው? እሱ። አዲሱን አሳይቶኝ አሮጌ አስገባብኝ አልኩ። በልቤ ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዘመድ ለምሳ በተሰበሰበበት ሌባ አልኩት። አንቺም እንጀራ አባት እንዳየ ሰው አይተሽኝ ከማዕዱ ተነሳሽ። ሠርግሽን ቤት ዘግቼ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። የሸጠልኝን ሰው ጠረጠርኩ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠረጠርኩና ባትሪው ላይ በሚስማር ምልክት ጫርኩበት፣ ኮፈኑንም በሰንሰለት ቆለፍኩት። ምልክቱም አለ፣ ሰንሰለቱም አለ፣ ፒካፗ ግን «ቀጭ!»። ቀጥዬ የሰንሰለቱን ቁልፍ የሸጠልኝን ጠረጠርኩ። ሳቂ፣ አይዞሽ።

ሰኞ ዕለት ተገፍታ ተነሳችና ራቅ ያለ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ነዳኋት፤ ባልሽን የማያውቅ ባለሙያ ፈልጌ። የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት አገኘሁ። አጠገቧ ቆሜ እጅ እጇን አያለሁ።

«አባባ፣ እኔን ነው መኪናዋን የሚጠብቁት?» አለችኝ።

«ሁለታችሁንም» አልኳት።

ቴስተሯን ባትሪው ላይ አደረገች። ደህና ነው አለች። የመጀመሪያውንም ባትሪ በጆንያ ጠቅልዬ ለማስረጃ ጭኜው ነበር። ጎኑ ላይ የተመታውን ቀን አሳየችኝ፤ ያኔ አዲስ የወጣ ነው። ክው አልኩ። እሷም ከባልሽ ጋር ተመሳጥራ ይሆን ብዬ ለአፍታ አየኋት፤ አቤት የእኔ ነገር!

ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርጋ «ያስነሱ» አለችኝ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ቁጥር ወደ አራት ቮልት ዘለለ። «አሁን የነዳጅ መስጫውን ገመድ ይንኩት» አለችኝ። ብነካው አቃጠለኝ።

«ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ወፍራሙ መንገድ ተዘግቶበት በዚህ ቀጭን ገመድ እየሄደ ነው» አለች። ወዲያው ሌላ ወፍራም ገመድ አምጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ቀጥታ ሞተሩ ላይ ያዘችው። ቁልፉን ከመንካቴ ፒካፗ ጓ ብላ ተነሳች።

«ባትሪ አይደለም፤ ማሳው ነው» አለችኝ። ማሳ የሚሉት ከባትሪው ወጥቶ ሻንሲና ሞተር ላይ የሚታሰረውን ጥቁር ገመድ ነው። ብሎኑን ፈታችው። ከሥሩ የእኔ ቀለም አለ፤ ሦስት ድርብ፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

«ማን ነው የቀባው?»

«እኔ።»

«እጅዎ መልካም ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት እንኳ አልተዉለትም።»

ልጄ፣ አሁን የሚያንቀኝን ልንገርሽ። ባልሽ ነግሮኝ ነበር። የዚያን ዕለት ከምሳው በፊት፣ ግቢ ውስጥ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጥቶ «አባባ፣ ማሳው ቀለም ላይ ነው የታሰረው፤ ትንሽ ልፋቀው» አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት። ቀለሜን አበላሽቶ የባትሪውን ነገር ሊሸፍን ነው ብዬ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እሱም የነገረሽ አይመስለኝም፤ ብታውቂ ኖሮ እናትሽ ሰምታ አንድ ቀን አታሳድረኝም ነበር። ሌባ ስለው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ «ነግሬዎት አልነበር?» ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ ሳዋርደው እሱ አላዋረደኝም።

ለኤሌክትሪሺያኗ «ስጪኝ፣ እኔው ልፋቀው» አልኳት። ነጩ ብረት እስኪወጣ ፋቅኩት። ፍቄ ስጨርስ አለቀስኩ። አይታ እንዳላየች ዞር አለችልኝ፤ ደግ ሰው ናት። ብሎኖቼን ግን ቆጥሬ ነው የወጣሁት።

ልብስ ሰፊውን ይቅርታ ጠየቅኩት። ለካ መጠርጠሬን አያውቅም ነበር፤ አሁን እሱ አኩርፎኛል።

ይህን ደብዳቤ ለባልሽ አንብቢለት። ዘመድ ባለበት የተናገርኩትን ዘመድ ባለበት እመልሰዋለሁ። የካልሲዋን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ለምን እንደደበቃችሁኝ ገብቶኛል፤ የምሥራች ቢነግሩኝ እንኳ ከጀርባው ምን አለ የምል ሰው ሆኜባችኋለሁ።

ና ካልሽኝ በማግስቱ እነሳለሁ። አትምጣ ካልሽኝም ባሏ ነው፣ እናቷ ናት ያስተማሯት አልልም። አንቺ ያልሽው ነው ብዬ አምንሻለሁ።

በሰላም ያገላግልሽ። የሚወለደውም በአባቱ ይውጣ፣ በእኔ አይውጣ።

አባትሽ