የአንገቴን ነጭ ነጥብ አይተው ለዓመት ላሰናበቱኝ የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ክፍል ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ከባድ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ከቢሮዎ ግምት ውጪ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ በገዛ እጄ ጽፌ ላሳውቅዎ ወደድሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከሆስፒታሉ በር ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ፀጉር ያስተካከልሁት ሰውዬ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጣቶቼ መለገም ጀመሩ። መጀመሪያ መቀሱ ከእጄ ይወድቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝና ባለቤቴ በየማለዳው እንደ ሕፃን ታለብሰኝ ጀመር፤ እግሬም ወለሉን ሳይሆን ጥጥ የሚረግጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የቆዩ ደንበኛዬ የሆኑትን ጡረተኛ ዳኛ ጢም ላሳምር ስል ምላጩ የራሱን መንገድ ሄዶ ግማሹን ጠረገው። ዳኛው መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመልክተው «በል እንግዲህ፣ ግብረ አበሩንም አብረህ አሰናብተው» አሉኝና ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ከወጡ በኋላ ግን በሩን ከውስጥ ዘግቼ አለቀስሁ።

በኤም አር አይ ተነሣሁ። የአንገቴ አጥንት ሕብለ ሰረሰሬን እንደ ጠበበ ኮሌታ አንቆ ይዞታል፣ በታነቀበት ቦታም አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ «በሕብለ ሰረሰሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለታየ ከቀዶ ሕክምና የሚጠበቀው ውጤት ዝቅተኛ ነው፤ ከዓመት በኋላ ይታይ» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ስላሰናበቱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌሎች ሐኪሞች በሽተኛውን እየነኩ፣ እያስቆሙና እያስኬዱ ጊዜያቸውን ሲያባክኑ፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ቀና ብለውም ሳያዩኝ የሁለት እጅና የሁለት እግር ዕጣ ፈንታ ከአንዲት ነጥብ ማንበብዎ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይልኝ ባመለከትሁ ቁጥር በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ወንበር ላይ ባሳለፍሁት ሰባት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ከመሄድ ግድግዳ ወደ መደገፍ፣ ግድግዳ ከመደገፍ ደግሞ ወደ ከዘራ ተሸጋግሬያለሁ። በሰባት ወር ይህን የመሰለ ለውጥ ያስመዘገበ ሌላ ክፍል በሆስፒታሉ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቴን ስላስቆጡልኝ። ይህች ሴት ጎረቤት ድምፅዋን የማያውቃት ዝምተኛ ነበረች። አንድ ጠዋት የኤም አር አዩን ፊልም ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እኔን በከዘራዬ አስከትላ፣ በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተገተረችና የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን መንገድ ዘጋችበት። «ዶክተር፣ ይህችን ነጥብ ያንብቡልኝና ይለፉ፤ አለበለዚያ እዚሁ አብረን እንውላለን» አለችው። ሰውዬው ወጣት ነው፣ ተቻኩሎም ነበር፤ ግን ፊልሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። ቆይቶም «ይህን ማን ነው ያለቀለት ያደረገው?» ሲል ጠየቀ። እኛም ስለ ክብርዎ ብለን ስምዎን አላነሣንም።

ከዚያ በኋላ ያስረዳን፣ በኮሪደርዎ ሰባት ወር ተቀምጬ ያልሰማሁትን ነው። ኤም አር አዩ አንዱን ቦታ በሁለት ዓይነት ምስል ያነሣዋል፤ የእኔ ነጥብ በአንደኛው ላይ ነጣ ብላ፣ ዳር ዳሯም ደብዘዝ ብሎ ትታያለች፤ በሌላኛው ላይ ግን ምንም የለም። «በዚያኛውም ላይ ጠቁሮ ቢታይ ኖሮ የባሰ ያሳስበኝ ነበር። ነጩ ብቻውን ሲሆን ግን ሕብለ ሰረሰሩ ከታነቀበት ቶሎ ከተላቀቀ ብዙ ሰው ይሻለዋል። የሚጎዳው መቆየቱ ነው» አለ። ከዚያም እዚያው ደረጃው ላይ ሰዓቱን እያየ እጄን በአሥር ሰከንድ ውስጥ በተቻለኝ ፍጥነት ዘርጋ ጨበጥ አስደረገኝ። ጤነኛ ሰው ሃያ ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል፤ እኔ ዘጠኝ ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት በራሱ ፊርማ ለቀዶ ሕክምና አስገባኝ። ይህ ደንብዎን የጣሰ ከሆነ ጥፋቱ የባለቤቴ ነው፤ እሷን የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ አድራሻችንን እሰጣለሁ። ሐኪሙ አልዋሸኝም፤ «የመጀመሪያው ዓላማዬ እንዳይብስብህ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቃል አልገባልህም» ብሎኛል። ከኋላ በኩል ገብቶ የአንገቴን አጥንት እንደ በር ገርበብ አድርጎ ከፈተና ለሕብለ ሰረሰሬ መተንፈሻ ሰጠው። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ባለቤቴን ነው፤ «ጣትህን» አለችኝ፣ አንቀሳቀስሁት፣ ደግማ «ሌላኛውን» አለችኝ፤ አሥሩንም ሳትቆጥር አልለቀቀችኝም።

ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ከዘራዬን ለአማቴ አውርሻለሁ። ዘጠኙ ወደ አሥራ ስምንት ከፍ ብሏል። የግራ እጄ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ገና እንደ ተኙ ናቸው፤ ሐኪሙም ምናልባት እንደ ተኙ ይቀሩ ይሆናል ብሎኛል፤ ቅሬታ የለኝም፣ እነሱ ድሮም ሰነፎች ነበሩ። ወደ ምላጭ ከመመለሴ በፊት ሳሙና የተቀባ ፊኛ መላጨት ተለማመድሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ፊኛ ፈነዳብኝና ከጎኔ ያለው ጫማ ሠሪ በፍንዳታው ብዛት ሱቁን ሊቀይር ዳርዳር ብሎ ነበር። አሥራ ሁለተኛው በሰላም ሲወጣ የባለቤቴ ወንድም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና «እኔ ከፊኛ አላንስም» አለኝ። አንዲት ጠብታ ደም ሳላፈስ አስነሣሁት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ በአደባባይ የጻፍሁት ለምስጋና ብቻ አይደለም። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የእርስዎ ያቺው መስመር፣ ቃል ሳይለወጥ፣ በእሷም ወረቀት ላይ አለች። ባለፈው ሳምንት ሳያት ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። እሷ ደግሞ ደረጃ ላይ የሚገተርላት ባለቤት የላትም። ስለዚህ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብለው እጇን እንዲያዩላት፣ ምስሉንም ለሚያነብ ሰው እንዲያሳዩላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እስኪያዩላት ድረስ ይህ ደብዳቤ ከመስታወቴ አጠገብ ተለጥፎ ይቆያል፤ ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በስምንት ብርቱና በሁለት እንቅልፋም ጣቶች የተጻፈ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ከበርዎ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሊቆረጥ መጥቶ እንዳጫወተኝ፣ ክፍልዎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የአገልግሎታችን ፍሬ» በሚል ርእስ ፎቶዬን ሊሰቅል አስቧል። በደስታ ፈቅጃለሁ። ብቻ ፎቶው ከኋላ በኩል ይነሣ፤ አንደኛ ጠባሳው ይታያል፤ ሁለተኛ ደግሞ ቢሮዎ ስሰናበት ያየው ጀርባዬን ብቻ ስለሆነ፣ ፊቴን ብትሰቅሉት ማን እንደሆንሁ አታውቁትም።