ሃምሳ ስምንት ሙታንን ስላስነሣው የዲስክ ማከማቻ

ለተከበሩ ዶክተር ራሚሮ እስካላንቴ፣
የላ ኩምብሬ ከተማ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ደኅና መሆንዎን በዓይኔ አይቼ ባረጋግጥ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ጸሐፊዎ ለአምስተኛ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ በጋዜጣ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የማነሣዋ ኔልሲ ኡሩቲያ ነኝ።

ዋናው ኮምፒውተራችሁ ከተቃጠለ በኋላ በአሮጌው የመጠባበቂያ ሰርቨር ስትንገታገቱ ከርማችሁ፣ በጥር ወር የከተማውን መዝገብ በሙሉ ወደ አዲሱ የዲስክ ማከማቻ ስላዛወራችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። ምረቃው ላይ ነበርኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ ተጫወተ፣ እርስዎ ሪባን ቆረጡ፣ ፓድሬ ኤሊሴዮም ያንን ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት ጠበል ረጩት። ጠበሉ ይህን ያህል ይሠራል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም፤ በማግስቱ፣ ከሰባት ዓመት በፊት በኤል ሳውሴ ሰፈር በጭቃ ናዳ ያለቁት ሃምሳ ስምንት ሰዎች በሙሉ በመዝገብዎ ላይ ተነሡ።

እንዴት እንደተነሡ፣ መዝገቡን ሊያዛውር ከዋና ከተማ የመጣው ኢንጂነር ፋብያን፣ ሱቄ ወረቀት ሊገዛ ሲገባ ሳይደብቅ ነግሮኛል። የዚያ ዓመት መዝገብ በአሮጌው ሰርቨር ውስጥ ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ ከናዳው በፊት በነበረው ዓርብ የተወሰደ፣ ሌላው ሟቾቹ ከተመዘገቡ በኋላ።

«የቱን እንደምወስድ የነገረኝ የለም፣ ዶኛ ኔልሲ። ፊት ያገኘሁትን፣ የዓርቡን ወሰድኩ። ግን ከቅጂው ጋር መቶ በመቶ ገጥሟል፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም!» አለኝ።

አሮጌዎቹ ዲስኮች ደግሞ በእርስዎ ትእዛዝ በዚያው ቀን ተደምስሰዋል። ክቡር ሆይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮፒ ሳነሣ፣ ቅጂው ጥርት ብሎ መውጣቱን ከማየቴ በፊት መስታወቱ ላይ የትኛውን ወረቀት እንዳስቀመጥኩ አያለሁ። ምክሩ በነጻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፣ ሟቹ ጎረቤቴ ዶን ኤርሞጄኔስ ለመጪው ምርጫ አስፈጻሚ ሆነው ተመድበዋል፤ ካልቀረቡም በሕግ እንደሚጠየቁ በደብዳቤ ተነግሯቸዋል። ሰውየው በሕይወት ሳሉም ቀጠሮ አያከብሩም ነበርና ይመጣሉ ብዬ ዋስ መሆን አልችልም።

፪ኛ፣ ልጄ ዩሊሳ። አራት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ አልተገኘም። አሥራ አንድ ቀን ጭቃ ስቆፍር ቆይቼ ሞታለች ብዬ የፈረምኩት እኔ እናቷ ነኝ። አሁን አለች ስለተባለ የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዤ መስኮት ቁጥር ሦስት ቀረብኩ።

«ይሄማ የሰባት ዓመት ነው፣ እናቴ። ከሦስት ወር ያለፈ ወረቀት አንቀበልም» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«እሺ፣ አዲስ ስጪኛ!»

«እንዴት አድርጌ? ሲስተሙ ላይ እኮ በሕይወት አለች።»

«አለች? የታለች ታዲያ? አምጫት!»

ጥፋቱ የሠራተኛዋ አይደለም። ከዚያ የሞት ማስመዝገቢያ ቅጽ ሰጠችኝ፤ ሁለት ምስክር፣ የሞተችበት ሰዓት፣ ያረፈችበት ቦታ፣ የአስመዝጋቢ ፊርማ። እንደ አዲስ መፈረም አለብኝ። ሳልሞላው ወጣሁ።

ሦስተኛ ቁጥር የለኝም። የሚያስፈራኝን ብቻ ልንገርዎ። አዲሱ ማከማቻዎ ዕድሜ ይቆጥራል፤ ልጄ እዚያ ውስጥ አድጋ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል። አንድ ቀን የክትባት ጥሪ መጣላት። ቀጥሎ አምስተኛ ክፍል መመደቧን የሚገልጽ መልእክት መጣ። ሰኞ ጠዋት ስሟን እንዲሰርዙልኝ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። መምህርቷ ልጆቹን ግቢ ውስጥ አሰልፋ ስም ትጠራ ነበር።

«ዩሊሳ ኡሩቲያ!» አለች። ደግማ ጠራች።

«አለች!» አልኩ፣ እኔው ራሴ። አፌ ነው ያለው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ እሷን የምታህል ልጅ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ዞር ብዬ ፊቷን አያለሁ። ቁመቷ የት እንደደረሰ አስባለሁ። ምናልባት ያን ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ እሆን እያልኩ ጭቃው ያረፈበት ሜዳ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መሞቷን ለማመን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር፤ እርስዎ በአንድ ቀን አፈረሱብኝ።

ስለ ቅልጥፍናዎ፣ ስለ ጸሐፊዎ ትዕግሥት፣ እንዲሁም ስለ ማርሽ ባንዱ ጥዑም ዜማ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በመዝገብዎ ላይ በሕይወት የምገኝ፣
ኔልሲ ኡሩቲያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቅጹን ለብቻው በፖስታ ልኬልዎታለሁ። የማውቀውን ሁሉ ሞልቼዋለሁ፤ አስመዝጋቢ ከሚለው ፊት ለፊት ግን የጻፍኩት የእርስዎን ስም ነው። እኔ ሞታለች ብዬ አንድ ጊዜ ፈርሜባታለሁ። አሁን ያስነሧት እርስዎ ነዎት፤ የሚገድሏትም እርስዎ ይሁኑ።