ከአዲሱ ካርድ ጋር የመጣው ጉም

በእርጅናዬ ፊደል ላስቆጠርሽኝ ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

ትተሽልኝ በሄድሽው ኮምፒውተር ላይ ወንድምሽ ምስል ያጠራል የተባለ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገጠመ። «አሁን የጨዋታው ብርሃን ልክ እንደ እውነተኛው ነው» እያለ ይጎርርብኛል። ምኑ እውነተኛ! ድሮ በጨዋታው ውስጥ ፈረሴን ስጋልብ የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ አይ ነበር። አሁን ሐይቁና ሰማዩ ተቀላቅለዋል፣ እያንዳንዱ ፋኖስ የቀስተ ደመና ቀለበት አጥልቋል። ማማሩስ ያምራል፤ በእንቅልፍ ልብ የምጋልብ ይመስለኛል።

ሚስቱን «ይሄን ሁሉ ጉም ምን አመጣው?» ብላት፣ «እማማ፣ የምን ጉም? ጥርት ያለ ፀሐይ እኮ ነው!» አለችኝ። ለባሏ አድልታ ነው።

እስክሪብቶ ሠሪዎችም ቀለም መሰሰት ጀምረዋል መሰለኝ፣ ያለፈው ደብዳቤሽ ፈዞብኛል። እባክሽ ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊ። ወንድምሽ «ላንብብልሽ» ቢለኝ እንቢ ብያለሁ፤ ያንቺን ደብዳቤ የማነበው እኔው ነኝ።

ጤና ሁኚልኝ።

እናትሽ