ቀይ ቀሚስ ያለበስካት ሴት

ጀማሌ፣

«ደህና ነህ ወይ?» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄን መለስኩት። ለሄደ ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ? ብቻ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ካንተ ወዲህ በር ላይ ያለው ዘይቱና ሁለት ጊዜ አፈራ። የመጀመሪያውን ፍሬ ደፍሮ የቆረጠው ሰው አልነበረም፤ ወፍ ጨረሰው። ዘንድሮ ግን እናትህ ራሳቸው በርጩማ ላይ ወጥተው ለቀሙና ለጎረቤት ሁሉ ላኩ። እኛም እንዲህ እንዲህ እያልን ነው።

ልጃችን ዘሀራ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት፤ አንተስ እንኳ ሠላሳ ሁለቱም ነበሩህ። ሬዲዮኑ ድምፁ ይጠፋል፣ ጎኑን በጥፊ ስንለው ይመለሳል። እናትህ «ፊት ያለው ሥዕል ባለበት ክፍል አይሰገድም» ስለሚሉ፣ ለማስታወቂያ የሣልከውን ሁሉ ወደ ግድግዳ አዙረህ ታስቀምጥ አልነበር? እኔና አንተ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ የባንድና የቴአትር ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ነው የኖርነው። አሁን ደግሞ እዚያ ክፍል ጭራሽ አይሰግዱም። «ተዞሩም አልተዞሩም ልጄን ያመጡብኛል፣ ሰላቴ ይበላሽብኛል» ብለው ምንጣፋቸውን ይዘው ዘይቱናው ሥር ይሰግዳሉ። ክፍሉን ከአቧራ መጥረግ በቀር እኔም ምኑንም አልነካሁ።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ነገር አለ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አንድ ነገር ከገባብኝ እስካውቀው ድረስ እህል አይወርድልኝም።

የባንዱ አለቃ መጣ፤ ያ ሳክስፎን የሚነፋው ረጅሙ። ሳክስፎን አይተህ በማታውቅበት ጊዜ «ነሐስ ነው፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ ይነፋል» ብለው ብቻ ነግረውህ፣ የለገሀርን የውሃ ቧንቧ የሚያህል ነገር የሣልክለት እሱ ነው። ያን ጊዜ ሊቆጣ ነው ብዬ ስፈራ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህም ካንተ ሌላ አላሠራም። አሁን የመጣው ስለ መጋረጃው ነው። ለዘውድ በዓል ከዚራ ሰፈር አዳራሽ ሲጫወቱ ከኋላቸው የሚሰቀል፣ እኔ አቡጀዲዱን አገጣጥሜ የሰፋሁልህ መጋረጃ። «አልቆ ይሆን?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ከሰፋሁት በኋላ ፊቱን አላየሁትም። ገባንና ተጋግዘን አዞርነው።

አቦ፣ ጀማሌ! አምስቱም ሙዚቀኞች ተሥለው አልቀዋል። እንደ ልማድህ ከባንዱ ሰው አንድም አላስገባህም፤ ሁሉም የሰፈራችን ሰው ናቸው።

ይህ ልማድህ እንዴት እንደጀመረ ሳስብ አሁንም ያስቀኛል። ቴአትረኞቹ ከአዲስ አበባ በባቡር የሚደርሱት ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ስለነበር፣ ማን ምን እንደሚመስል ሳታውቅ ነበር የምትሥለው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ከሰፈር ፊት መበደር ጀመርክ። መጀመሪያ ጓደኛህን ሽንኩርት ሻጩን አብዶሽን ደጃዝማች አደረግኸው። ቀፊራ ገበያ ተደበላለቀ። ሰው ቴአትሩን ሳይሆን አብዶሽን ሊያይ ገባ፣ መጋረጃው ሲከፈትም መድረኩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕሉን አይቶ «ደጃዝማች!» ብሎ ጮኸ። አብዶሽ እስከዛሬ በዚያ ስም ነው የሚጠራው፤ በስሙ ከጠሩት ሽንኩርቱን ያስወድዳል። እዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ሰዉ የሣልካቸውን ፊቶች አንድ በአንድ በስም ሳይጠራ ጨዋታ አይጀመርም።

መላውን ድሬዳዋ ሣልክ። እኔን ግን አንድም ቀን አልሣልክም።

ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ምን አስደበቀኝ። ሥራህን እኔም ሠርቼዋለሁ እኮ! የዱቄት ሙጫውን የማፈላልህ እኔ፣ መሰላሉን የምይዝልህ እኔ። ያቺን ቀን አትረሳትም። ቀፊራ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ አንዷ ፍየል ሙጫውን ልትልስ መጥታ መሰላሉን ገፋችውና የግራ እጄ ትንሿ ጣት መታጠፊያው ውስጥ ገባች። አንተ ከላይ ሆነህ ከኔ ብሰህ ጮህክ። አብዶሽ ሽንኩርቱን መሬት ደፍቶ በጋሪው ወጌሻ ዘንድ አደረሰኝ። ስንመለስ ፍየሏ ማስታወቂያውን እስከ ዘፋኙ አገጭ ድረስ በልታው ነበር፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ጣቴ ከዚያ ወዲህ አልተቃናችም።

ወደ መጋረጃው ልመለስ። ከአምስቱ ፊት አንዲት ሴት አቁመሃል። ቀይ ቀሚስ አልብሰሃታል፣ የጆሮ ጌጥ አድርገህላታል፣ ማይክሮፎን አስይዘሃታል። ከአንገቷ በላይ ግን ነጭ አቡጀዲድ ነው። ፊት የለም።

ፊት መጨረሻ ነው ትል ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ የላምባ ሣጥኑ ላይ ካልተቀመጠልህ ብሩሽ አታነሳም። እንግዲህ ማን ልትቀመጥልህ ነበር? ቀይ ቀሚስ ያለበስካት ማንን ነው? ደሜ ፈላ፣ አልዋሽህም። የባንዱ አለቃ «ሌላ ሠዓሊ ፈልጌ ላስጨርሰው» ቢለኝ፣ «ማን እንደሆነች ሳላውቅ ማንም አይነካውም» አልኩት።

ከዚያማ ሥራዬ መጠየቅ ሆነ። መጀመሪያ የባንዱን ዘፋኝ ሮማንን ጠየቅኋት። «ዘፋኟ እኔ፣ ማይክሮፎኑ የኔ፣ ታዲያ ማን ልትሆን?» አለችኝ። ሣጥኑ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ስላት ግን «የለም፣ የባንድ ሰው አልሥልም ብሎኛል» ብላ ራሷ ነገሩን አፈረሰችው። ቀጥዬ ለገሀር ሳምቡሳ የምትጠብሰዋ ሀሊማ ዘንድ ሄድኩ። እሷስ ሳትግደረደር አፏን ሞልታ ነገረችኝ፤ «አንድ ቀን ቀይ አለብስሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ አላህ ይዘንለት» አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ሳምቡሳ ልጋብዝሽ ስትለኝ በልቻለሁ ብዬ እየራበኝ ወጣሁ። እውነት ብለሃት ነበር? ወይስ ሳምቡሳዋን በነጻ ለመብላት ነው? ሁለቱም ካንተ ይጠበቃል።

መጨረሻ አብዶሽ ዘንድ ደረስኩ። ካንተ ጋር ሲያወራ የሚውል እሱ ነውና ማንን ልትሥል እንደነበር አያጣውም ብዬ። እሱም አያውቅም። ግን አንድ ነገር ነገረኝ። «ፋጤን ለምን አትሥላትም?» ብሎ ጠይቆህ «ፍየል ለሚበላው ወረቀት ፊቷን አልሰጥም» አልከው አሉ። እኔ አላመንኩትም። አብዶሽ ላንተ ሲል ምን የማይለው አለ? ሞተህም ቢሆን ከመዋሸት አይመለስልህም። ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ።

በዓሉ ደረሰ። የባንዱ አለቃ መጣና ምን እናድርግ አለኝ። እንዲሁ እንዳለ ስቀሉት አልኩት። እኔ መሄድም አልፈለግሁ ነበር፤ እናትህ ናቸው «ተነሽ፣ የልጄ ሥራ ያላንቺ አይታይም» ብለው ዲሪ ቀሚሴን ከሣጥን አውጥተው የሰጡኝ። ወላሂ፣ እናትህ! ከሰዓት ነበር፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር እስከ መንገዱ ሰው ሞልቶ ነበር። አዳራሹ ገብቼ ወደ ኋላ ተቀመጥኩ። ሀሊማ ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፋ፣ ሻሿን እያስተካከለች ተቀምጣለች።

መጋረጃህ ተገለጠ። ሰዉ እንደ ልማዱ መጥራት ጀመረ። ሥዕሉ ላይ ከበሮውን የያዘው አብዶሽ ነው፤ «ደጃዝማች!» ተባለ። ልብስ ሰፊው ተጠራ፣ ጋሪ ነጂው ተጠራ፣ ሁሉም ተጠሩ። ከዚያ ሴቲቱ ላይ ደረሱ። «ይቺስ ማናት? ፊቷ የታለ?» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። እኔ ወንበሬ ውስጥ ጠልቄ የሀሊማን ስም ማን ሊጠራ ነው እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ ቀረሁ።

አብዶሽ ከሰዉ መሀል ብድግ አለ። «ጣቷን እዩ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ማይክሮፎኑን የያዘችበትን፣ ትንሿን ጣት እዩ! በጋሪዬ ወጌሻ ዘንድ የወሰድኳት ጣት አይደለችም እንዴ!»

አየሁት፣ ጀማሌ። ግራ እጅ ነው። ትንሿ ጣት ማይክሮፎኑን አልያዘችም፤ እንደኔዋ ተቆልምማ ወደ ውጭ ወጥታለች። ስንት ቀን ሙሉ የሌለው ፊት ላይ አፍጥጬ፣ ያለውን እጅ አላየሁትም። አዳራሹ በአንድ አፍ «ፋጤ! ፋጤ!» አለ። ሀሊማ ዞር ብላ አየችኝ፣ አፏን አጣመመች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣትና ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ በሰው እጅ ላከችልኝ። ይህን ጊዜ በላሁላት። እያለቀስኩ በላሁ፣ አላፍርም።

አብዶሽን ይቅርታ ጠየቅሁት። አቡጀዲድ ፍየል አይበላውማ። እስከዚያ ድረስ ስትጠብቅ የኖርከው ጨርቅ ኖሯል፤ እኔው በገዛ እጄ ሰፍቼ ሰጥቼሃለሁ፣ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም። ቅሬታዬን ግን እዚያው አዳራሽ ትቼው መጣሁ።

ደሞ አሁን ሌላ ጥያቄ ይዞኛል፤ አልለቅህም። የትኛውን ፊቴን ልትሥል ነበር? የሳቅሁትን ወይስ ሙጫው ሲያርብኝ የምቆጣውን? ለምንስ «ነይ ተቀመጪ» አላልከኝም? እሺ እንዳልልህ ፈርተህ ነው? ወይስ አንድ ዓርብ ድንገት ልትጠራኝ ነበር? ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ ሣጥኑ ላይ ትንሽ ቁጭ እላለሁ። እናትህም አይተውኛል።

የባንዱ አለቃ አሁንም ፊቱን እናስጨርስ ይላል። እምቢ አልኩ። ያንተ ነው፣ ያንተ ሥራ ነው ያልተጨረሰው። አልረሳህም ብዬ ምን እምልልሃለሁ፤ ይህን ጥያቄ ይዤ እንዴት እረሳሃለሁ? ዘሀራን ላሳድግ፣ እናትህን ልጡር፣ ባንዱ በተጫወተ ቁጥር እየሄድኩ ስሜ ሲጠራ ልስማ። አንተ ግን የላምባ ሣጥን የሚመስል ነገር እዚያም ካለ ጥግ አስይዝልኝ። ቀኔ ሲደርስ፣ ኢንሻአላህ፣ ፊቴን ይዤልህ እመጣለሁ።

ያንተው ፋጤ