የዶሮ ቆጡ ወይራ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬም ሞፈሬ እርሻ መሃል ተሰበረብኝ። ባሕር ዛፍ ነው፤ በግ ሸጬ፣ ንፋስ መውጫ ገበያ ድረስ ሄጄ የገዛሁት። ዱሮ ወይራ ከጋራችን ላይ በነፃ ነበር። ጋራውን ከሰል አድርገን ሸጥነው። እኔም ቆርጫለሁ፣ አልዋሽም።

ገብሱ ዛሬ ካልተዘራ ነገ ገብርኤል ነው፣ አይታረስም፤ የአፈሩም እርጥበት እያለፈ ነው። ቤት ገባሁና የዶሮዎቹን ቆጥ የተሸከመውን የወይራ አግዳሚ ነቅዬ ለሞፈር ጠረብሁት። አባቴ የቆረጠው ነው፤ መጥረቢያዬን አስለቅሶታል።

ልጄ ከበቡሽ ጮኸች። "አባባ፣ ቤቱን አፍርሰው ሊያርሱበት ነው?"

"ዝም በይ፣ ቤቱ ገብስ አያበቅልም" አልኋት።

ጎረቤቴ አለሙ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ይስቃል። "አያ ተሰማ፣ በሚቀጥለው አልጋዎን ይጠርቡታል!"

ይሳቅ። ማሳዬን ዘርቼ ጨረስሁ። ወይራው ድንጋይ ሲመታ እንኳ የመሰንጠቅ ድምፅ አላሰማም። በዚህ ዕድሜዬ ለብቻዬ አርሼ ስገባ መንደሩ ሁሉ አይቶኛል።

ዶሮዎቹ ማደሪያ አጥተው አልጋዬ ላይ ወጥተዋል። ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ከነዶሮዎቹ ታስወጣኝ ነበር።

ማምሻውን አለሙ መጣ። አሁን አይስቅም። የእሱም ሞፈር ተሰብሯል፤ ዘሩ ገና ከጆንያ አልወጣም።

"አያ ተሰማ፣ የተረፈ ወይራ ይኖርዎት ይሆን?" አለኝ። ዓይኑ ግን የቤቴ የወይራ ምሰሶ ላይ ነበር።

ትንሽ አስለመንሁት። ከዚያ ገብርኤል ሲያልፍ፣ ሐሙስ፣ ሞፈሬን ተውሶ እንዲወስድ ፈቀድሁለት። ምሰሶዬን ግን ዳግመኛ ቀና ብሎ እንዳያየው ነግሬዋለሁ።