አህያይቱ የሰማችው

ውድ አባቴ፣ የኔታ ገብረ ኪዳን፤

ድብ ባሕር እንዴት ከረመ? እዚህ ጎንደር ዝናቡ ገና አላባራም። ለፋሲካ ስመጣ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን በአሻንጉሊት እንደማስተምር ሰምተው፣ «ምነው ፅዮን ልጄ፣ ቃሉ አንሶሽ ነው በጨርቅ የምትደግፊው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ቅዱሳንን በአሻንጉሊት አልሠራም፤ እነሱ ሥዕል አላቸው። የምሠራው እንስሳቱን ነው፤ የኖኅን ቁራ፣ የዮናስን ዓሣ አንበሪ። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የበለዓምን አህያ ነው። ከግራጫ ካልሲ ሰፋኋት፤ ዓይኖቿ የኮት ቁልፍ ናቸው። በሁለት ወንበሮች መካከል ነጠላ እወጥርና ከኋላው ተቀምጬ እጄን አስገባባታለሁ።

አንድ እሑድ የደብራችን አለቃ አባ ወልደ ዮሐንስ ሳይታሰቡ መጡ። አንዳንድ ወላጆች «ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቧልት ገባ» ብለው ለእሳቸው አመልክተው ኖሯል። ከኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ።

በለዓም አህያይቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታት፣ እሷም አፍ አውጥታ «ምን አድርጌህ ነው?» ስትለው ልጆቹ ሳቁ። ምስጢር የምትባለው ብቻ አልሳቀችም። እናት አባቷን ያጣች፣ ከአጎቷ ከታከለ ቤት የምታድግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ተነሥታ አህያይቱን ጠየቀቻት።

«ምነው መጀመሪያ ሲመታሽ አልተናገርሽም?»

አባቴ፣ ይህን ታሪክ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላውቅም። ምን ልበል?

«የሚሰማኝ አለ ብዬ አላሰብኩም» አለች አህያይቱ።

ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ አባ ሊያናግሩኝ ከደጅ ቆሙ። እኔ ከነጠላው ኋላ ሳልወጣ ምስጢር ተመልሳ መጣች። ጫማዬ ከሥር ይታያል፤ እንዳለሁ ታውቃለች። አፏን ግን ካህያይቱ ጆሮ አስጠግታ፣ «እኔንም አጎቴ በቀበቶ ይመታኛል» አለቻት በሹክሹክታ።

ካልሲውን አውልቄ ላቅፋት ቃጣኝ፤ ደግሞ ፈራሁ። የነገረችው ለአህያይቱ እንጂ ለእኔ አይደለማ!

በአህያይቱ ድምፅ «ይህን ለሰው ልንገር?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ለእትዬ ፅዮን ንገሪያት።»

«እሷ ለአባ ብትነግርስ?»

«ትንገራቸው። አጎቴ እሳቸውን ይፈራል።»

ያኔ ወጣሁ። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ።

ነገሩን ከደጅ ለቆሙት ለአባ ነገርኳቸው። «ታከለ የንስሐ ልጄ ነው። በየወሩ ቤቱን ጠበል እረጫለሁ። ልጅቷ አንድ ቀን አልነገረችኝም» አሉ።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«አልጠየቅኋትም» አሉና ምስጢርን ከእኔ ዘንድ ትተው ሄዱ። ከታከለ ጋር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ ልብሷንና ደብተሮቿን በፌስታል ይዘው ነበር። በማግስቱ ለሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመለከትን። አሁን ምስጢር ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለችው አክስቷ ከእናኑ ጋር ትኖራለች።

ስለ አሻንጉሊቱ አባ ለእኔ አንድም ቃል አልተናገሩም። ወላጆቹ መልሰው ሲጠይቋቸው ግን «እግዚአብሔር የከፈተውን ያህያ አፍ እኔ ልዝጋው?» አሉ አሉ።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። ጫማዬን እያየች ለምን ለካልሲ ነገረች? አህያ ስለማትደነግጥ ይሆን? ስለማታለቅስ? እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ለሰው ያልነገረውን ለበግ ወይም ለዛፍ ሲያወራ ያዩት ልጅ ነበር? ካለ ይጻፉልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ምስጢርን «ዛሬ አንቺ ያዢያት» አልኳት። ከነጠላው ኋላ ገባች። ልጆቹ «ተናገሪ! ተናገሪ!» እያሉ ጮኹ። አህያይቱ ብቅ አለች፤ ምስጢር ከቀሐ ዳር ነጭታ ባመጣችው ሣር አፏ ሞልቷል።

«ቆዩ እንጂ፣ እየበላሁ ነው!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ የረዘመው ሳቅ ከነጠላው ኋላ የሚመጣው ነበር።

ለመስቀል እመጣለሁ። እስከዚያ በጸሎት የእኔን ስም ሲያነሡ የእሷንም ይጨምሩልኝ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሩፋኤል ነው።

ልጅዎ ፅዮን
ከቁስቋም